ስለ ሙት ልጆች ቀለብ፤ የዘመዳቸውን ልጅ ለሚያሳድጉ ሰዎች የተነገረ ቃል

ይህች ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈችው የእኅታቸውን ወይም የወንድማቸውን ልጅ፥ ወይም የልጅ ልጃቸውን ወደ ቤታቸው አስገብተው ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን ብዙ ነው። አንዱን ቤት ደዌ ባዶ አደረገው፤ ሌላውን በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በተነው፤ ከሌላውም እናቲቱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ልጆቿን ለአያታቸው ተወች። ልጆቹን የሚቀበል ዘመድ ስላልጠፋ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ልጅን መቀበል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማብላትና ማልበስ ማስተማርም የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር፥ ይኸውም ስለ ልጆቹ ቀለብና ስለ ገንዘባቸው፥ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ሰባኪ ስለ ገንዘብ መናገር ሲጀምር ሰው ሁሉ ኪሱን እንደሚዳስስ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የምለምነው ለራሴ አይደለምና ታገሡኝ።

አስቀድሜ የራሴን በደል ልናገር። የእኅቴ ባል የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበረ። እርሱ ሞተ፤ ከ2 ዓመትም በኋላ እኅቴ ተከተለችው፤ 3 ልጆችም ቀሩ። በለቅሶው ቀን «እኔ አለሁ» ያላለ ዘመድ አልነበረም። ድንኳኑ በተነሣ ጊዜ ግን ልጆቹ ወደ እኔ ቤት መጡ፥ የቀረውም ዘመድ ወደየቤቱ ሄደ። እኔና ባለቤቴ የራሳችን 4 ልጆች ነበሩን፤ የወንጌል ሰባኪ ደመወዝም ምን ያህል እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለልጆቹ ከአባታቸው የሚተርፍ የጡረታ ገንዘብ እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ ዳሩ ግን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልሄድሁም። ሰው «ልጆቹን የወሰደው ለጡረታቸው ብሎ ነው» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ይህንንም ፍርሃት ሰው በጠየቀኝ ጊዜ «በእግዚአብሔር ታምኜ ነው» እያልሁ በመልካም ስም እጠራው ነበር።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን እራት ስንበላ 12 ዓመት የሆናት ታላቂቱ ልጅ ቀኝ እጅዋን በነጠላዋ ሸሽጋ በግራዋ ልትጎርስ ስትል አየሁ። ስድ ሆነች ብዬ ተቆጣኋት። እርስዋም ዝም ብላ እጅዋን አወጣች፤ ጣቶቿ በምጣድ ተቃጥለው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጎረቤት ቤት እንጀራ እየጋገረች ለራስዋና ለወንድሞቿ የደብተር መግዣ ታገኝ ኖሯል። «ስለ ምን አልነገርሽኝም?» ብላት «ጋሼ፥ እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ለመጠየቅ ማፈሬን ልጂቱ ሳልነግራት ከእኔ ተምራ ነበር።

በዚያች ሌሊት ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፤ «አንተ የምታፍርበት ገንዘብ እኮ ያንተ አይደለም፤ የአባታቸው ላብ ነው። የራስህን ብትተው ጽድቅ ይሁንልህ፤ የእነርሱን ትተው ዘንድ ግን ማን ሥልጣን ሰጠህ?» ለዚህ ነገር መልስ አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁለትም።

ወገኖቼ ሆይ፥ ይሉኝታ በእኛ አገር ብዙ መልካም ነገር ያደርጋል። ሰውን ከስርቆት፥ ከስድብ፥ ከንፉግነት ይከለክላል። በሙት ልጅ ላይ ሲመጣ ግን ሌባ ይሆናል። አሳዳጊው ስሙን ሲጠብቅ ልጁ ጦሙን ያድራልና። ስለዚህ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዘመድ ቤት ለመሄድ እግርህ ቢከብድህ፥ ይህን አስብ፤ የምትጠይቀው ለማን ነው? ለራስህ ከሆነ መታፈርህ ይገባ ይሆናል። ለልጁ ከሆነ ግን አንተ ለማኝ አይደለህም፥ የልጁ አፍ ነህ እንጂ።

ስለ ጡረታው እንዲህ ነው። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ100 ብር 7 ብር በየወሩ ይቆረጣል፤ አሠሪውም 11 ብር ይጨምርበታል፤ በግል ድርጅት ለሚሠራም እንዲሁ ነው። ይህም በ2014 ዓ.ም. በወጡት በ1267 እና በ1268 ቍጥር አዋጆች ተጽፏል። ሠራተኛው በሕግ የተወሰነውን ዘመን አገልግሎ ቢሞት ገንዘቡ ለባለቤቱና 18 ዓመት ላልሞላቸው ልጆቹ፥ በእርሱም ይረዱ ለነበሩ ወላጆቹ ይተርፋል። እንግዲህ ይህ ምጽዋት ነውን? አባታቸው በሕይወቱ ሳለ ከእንጀራው ቆርሶ ያስቀመጠላቸው አይደለምን? የልጅዋን ልጆች የምታሳድግ አያትም፥ ልጅዋ ይረዳት ከነበረ፥ ለራስዋም ድርሻ እንዳላት ብዙ ጊዜ አታውቅም። እንዲህ ያለች ባልቴት በአጠገባችሁ ብትኖር ይህን ገጽ አንብቡላት።

በመጽሐፍ የሙሴን እናት ነገር ታስታውሳላችሁ፤ በኦሪት ዘጸአት 2ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ሕፃኑን በደንገል ሣጥን አድርጋ በወንዝ ዳር አኖረችው፤ የፈርዖንም ልጅ አገኘችው። የሕፃኑ እኅት ሮጣ እናቱን ሞግዚት አድርጋ አመጣቻት፥ የንጉሡም ልጅ ደመወዝ ቈረጠችላት። እኔ ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤ ነበር፤ ግን የገዛ ልጅዋን ለማጥባት ከንጉሥ ቤት ገንዘብ የተቀበለች መሆንዋን ያስተዋልሁት የልጂቱን ጣቶች ካየሁ በኋላ ነው። ያች ሴት «የገዛ ልጄን ለማሳደግ ደመወዝ እንዴት እቀበላለሁ?» አላለችም። ገንዘቡም የመጣው የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች ወደ ወንዝ እንዲጥሉ ካዘዘው ሰው ቤት ነበረ፤ እርስዋ ግን ተቀበለች፥ ሕፃኑም አደገ። ፍቅርዋ በደመወዙ አልቀነሰም። እንግዲህ «ዘመድ ለዘመዱ ልጅ ገንዘብ አይቀበልም» የሚሉ ሰዎች ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ከመጽሐፍ ግን አላመጡትም።

ሌሎችም «ከሰው መጠየቅ የእምነት ጕድለት ነው» ይላሉ። በሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለ ተረሱ አጕረመረሙ። ሐዋርያትም «ዝም ብላችሁ ጸልዩ» ብለው አልገሠጹአቸውም። 7 ሰዎች ተመረጡ፥ እድላውም ተስተካከለ። እነዚያ ሰዎች በይሉኝታ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ መበለቶቹ እንደ ተረሱ በቀሩ ነበር። የምእመናን ሽማግሌዎች ሆይ፥ ይህ ነገር ለእናንተም ነው። በጉባኤያችሁ የሰው ልጅ የሚያሳድጉት እነማን እንደ ሆኑ ስማቸው ተጽፎ በእጃችሁ ይገኛልን? እነርሱ እስኪያጕረመርሙ አትጠብቁ።

ነገር ግን ወደ ጉባኤውም ወደ መንግሥትም ከመሄድ በፊት ወደ ዘመድ መሄድ ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት፥ በ5ኛው ምዕራፍ፥ የቤቱን ሰዎች መርዳት የሚችል ሰው ሸክሙን በጉባኤው ላይ እንዳይጥል ያዝዛል፤ ጉባኤው ማንም የሌላቸውን ይረዳ ዘንድ። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ እኛ ግን አፈጻጸሙን አናውቅበትም። በለቅሶ ቀን የተሰጠ ቃል በድንኳን ውስጥ ይቀራልና። እኔ የምመክራችሁ ይህን ነው። ሐዘኑ ሳይበርድ፥ 40ው ቀን ሳያልፍ፥ ቤተ ዘመዱን ሰብስቡ። 2 ሽማግሌዎችም ይቀመጡ። «ልጆቹን እኔ አኖራለሁ፤ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ በግልጥ ጠይቁ። አንዱ በየወሩ ብር ይስጥ፤ ገበሬ የሆነው በመከር ጊዜ ጤፍ ወይም ማሽላ ይላክ፤ ምንም የሌለው በዓመት አንድ ጊዜ ልብስ ያሰፋ፥ ወይም ልጆቹን በክረምት ተቀብሎ ያሳርፋችሁ። ሁሉም በወረቀት ይጻፍና ይፈረምበት። በውጭ አገር ያለ ዘመድም ካለ ለእርሱ ይጻፍለት፤ ለተዝካር የሚልከውን ለደብተርና ለጫማ ያድርገው ዘንድ። «ዘመድ ከዘመዱ ጋር በወረቀት ይነጋገራልን?» የሚል ሰው አይጠፋም። በወረቀት ያልተነጋገሩ ዘመዶች በኋላ በፍርድ ቤት ሲነጋገሩ አይቻለሁ።

ሕጉንም እወቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጆችና በልጆች፥ በአያቶችና በልጅ ልጆች፥ እንዲሁም በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል አድርጓል፤ ብዙዎቹ ክልሎችም ይህን የመሰለ የራሳቸው ሕግ አላቸው። አጎትና አክስት በዚህ ቍጥር አይገኙም፤ እነርሱ የሚያሳድጉት ፍቅርና ኅሊና አስገድዷቸው ነው፤ ስለዚህም ከሌላው ይልቅ ሊረዱ ይገባቸዋል። ከወላጆቹ አንዱ በሕይወት ካለ ግን፥ ልጁን ትቶ ቢሄድም ሌላ ሚስት ቢያገባም፥ ቀለብ ከመስጠት ነጻ አይሆንም። አሳዳጊው በልጁ ስም ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም። አባትን አባትነቱን ማስታወስ ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ብዙ አሳዳጊ የሚደክመውም በዚህ ነው። የሟቾቹ የሞት ምስክር ወረቀት፥ የልጆቹም የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሩ ሁሉ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው የሚሠራ ነው። ከዚያም አሳዳጊው በፍርድ ቤት አሳዳሪና ሞግዚት መሆኑን ያስወስን። ወላጆች በሞቱ ጊዜ ሕጉ አያቶችን፥ ቀጥሎም ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችንና እኅቶችን፥ ከዚያም አጎትንና አክስትን ይጠራል። ይህ ውሳኔ ከሌለ የጡረታ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በማን እጅ ይስጥ? ለእኔ 5 ጊዜ መመላለስ ሆነብኝ፤ አንድ ቀን ማኅተም ጐደለ፥ አንድ ቀን የአያት ስም በሁለት ዐይነት ተጽፎ ተገኘ። ተስፋ አትቍረጡ፤ ነገር ግን አትዘግዩም፥ ይርጋ የሚባል ነገር አለና፤ ሳይጠየቅ ብዙ ዘመን የቈየ ገንዘብ ሊቀር ይችላል።

አባታቸው ደመወዝተኛ ላልነበረ ልጆችም መንገድ ሁሉ አልተዘጋም። ለመሥራት አቅም የሌላቸውን ድኾች በቀጥታ የሚረዳ የሴፍቲኔት ሥራ በገጠር በ1997 ዓ.ም.፥ በከተማም በ2009 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በወረዳችሁ መኖሩን ሂዳችሁ ጠይቁ። የልጅ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ያረጀች ሴት እንዲህ ላለው እርዳታ የምትታሰብ ናት። የጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድኾችንም ቀበሌው መርጦ መዋጮአቸው ይከፈልላቸዋል። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጆች ምግብ ይሰጣል፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ይታደላል። የሰፈራችሁን እድርም አትርሱ፤ ሬሳ ለመቅበር ብቻ የቆመ እድር ብዙ ነው፥ የቀበረውን ሰው ልጆች ለማስተማር ከሣጥኑ የሚያወጣም አለ። የእናንተ እድር ከፊተኞቹ ከሆነ በስብሰባው ቀን ተነሡና ተናገሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ነገር ልመለስ፤ ይህም ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። ገንዘቡ የልጁ ስለ ሆነ ያለ እፍረት ጠይቁ ብያለሁ። ገንዘቡ የልጁ ስለ ሆነ ደግሞ ያለ ሒሳብ አታውጡት።

እኔ ባለፍሁበት በአንድ የገጠር መንደር የወንድሙን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነበረ። ሟቹ ሰፊ እርሻ ትቶ ነበር። አሳዳጊው እርሻውን ለእኩል ሰጥቶ በየመከሩ ያስገባ ነበር፤ ልጁም የአጎቱን ከብት ይጠብቅ ነበር፥ የአጎቱ ልጆች ግን ትምህርት ቤት ይውሉ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን ሰው «የሙት ልጅ አሳዳጊ» እያለ ያመሰግነዋል። እኔም በቤቱ ገብቼ በልቼ፥ ጸልዬ፥ መርቄ ወጣሁ። የበላሁት እንጀራ ከማን ማሳ እንደ መጣ የጠየቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። በከተማም የእኅታቸውን ልጅ «እናስተምራታለን» ብለው ከገጠር ያመጡና ገረድ የሚያደርጉ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ልጅ አላሳደገም፤ ልጁ እርሱን አሳደገው እንጂ።

አብርሃምን ተመልከቱ። የሟች ወንድሙን ልጅ ሎጥን ይዞ ከአገሩ ወጣ። በኋላ በተለያዩ ጊዜ የሎጥ በጎችና ላሞች ድንኳኖችም ለብቻቸው የታወቁ ነበሩ፤ ከአጎቱ ከብት ጋር ተደባልቀው አልጠፉም። ምድሩንም እንዲመርጥ አስቀድሞ ለሎጥ ተወለት። በዕድሜ ታላቁ እርሱ ነበረ፥ የተስፋው ቃልም ለእርሱ ተሰጥቶ ነበር፤ ታናሹ ግን አስቀድሞ መረጠ።

እንግዲህ አንድ ደብተር ግዙ። የልጁ ገንዘብ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ በየወሩ ይጻፍበት። ከአባቱ ቤት ወይም መሬት የሚገኝ ኪራይ ካለ ይጻፍ። ሞግዚት የልጁን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም፤ ሥራውም ሲያበቃ ሒሳብ ማቅረብ አለበት። ነገር ግን ዳኛ እስኪጠይቃችሁ አትቈዩ። ከገንዘቡ ለቤቱ የጋራ ማዕድ ብታወጡ ኃጢአት አይደለም፤ ልጁም ከማዕዱ ይበላልና። በአንድ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ለእያንዳንዱ ልጅ በሚዛን መለየት አይቻልም፥ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ልጁ አድጎ «የአባቴ ገንዘብ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ዐይናችሁን ሳትሰብሩ ደብተሩን ማውጣት መቻላችሁ ነው።

ለልጁም ስለ ገንዘቡ ንገሩት፤ ነገር ግን እንዴት እንደምትነግሩት ተጠንቀቁ። በተቈጣችሁ ጊዜ «ለአንተ ስል ስንት ደጅ ጠናሁ» አትበሉት። ይህ ቃል ከዱላ ይልቅ ይሰብራል፤ ልጁም ከማዕዱ እጁን መሰብሰብ ይጀምራል። ይልቁንስ «ይህ አባትህ የተወልህ ነው፤ ይህን አክስትህ ላከችልህ» በሉት። የሞተው አባቱ ዛሬም ጫማ እንደሚገዛለት ይወቅ።

አንድ ነገርም እዚህ ላይ ልጨምር። እርዳታ የሚሰጡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የልጁን ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ። ፎቶግራፉ እንዲያሳዝን ብለው ያለውን ልብስ አውልቀው የተቀደደውን የሚያለብሱ፥ ልጁንም እንዲያለቅስ የሚመክሩ አሳዳጊዎች አይቻለሁ። የደግ ሰው ልብ ለማራራት ልጅን ማዋረድ አያስፈልግም። ንጹሑን ልብሱን አልብሳችሁት፥ ጠጕሩን አበጥራችሁ አቁሙት፤ ችግራችሁንም በቃል እውነተኛውን ብቻ ተናገሩ። ሰጪው በዚህ የተነሣ ቢቀር ይቅር።

የእኅቴ ልጆች ጡረታ በመጨረሻ ወጣ። ብዙ አልነበረም፤ ለ3 ልጆች ደብተር፥ ጫማና ሳሙና፥ ከእህሉም ጥቂት ይሸፍን ነበር። የፊተኛውን ገንዘብ ይዤ በመጣሁ ቀን 3ቱን ልጆች አስቀምጬ ከየት እንደ መጣ ነገርኋቸው። ትንሹ ልጅ ብሩን አሽትቶ «የአባባ ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሒሳቡን የምትጽፈው ታላቂቱ ልጅ ሆነች። እኔ በመጀመሪያ «ይህ የልጅ ሥራ አይደለም» ብዬ ነበር፤ ነገር ግን የእርስዋ ጽሕፈት ከእኔ ይልቅ ያምራል። በየወሩ መጨረሻ ከእራት በኋላ ደብተሩን ታመጣለች፤ እኔ የገዛሁትን እናገራለሁ፥ እርስዋ ትጽፋለች፤ ባለቤቴም የረሳሁትን ታስታውሰኛለች። አንድ ጊዜ 15 ብር ጐደለብኝ። ልጂቱም ብዕርዋን አንሥታ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ለታክሲ የከፈልሁት መሆኑ ትዝ እስኪለኝ ድረስ አልጻፈችም።